በደሴና በኮምቦልቻ ፎቶ ማንሳት፦ ከግል ፍቅር እስከ ክበብ፣ ከክበብ እስከ ዳኝነት

ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ፎቶ የሚያነሳ ሰው በደሴም በኮምቦልቻም ብዙ ነው። አብዛኛው ግን ሁለት ሦስት ዓመት ሞክሮ ይተወዋል። የካሜራ ውድነት አንድ ምክንያት ነው፤ ዋናው ግን አይመስለኝም። ያነሳውን ባሳየ ቁጥር የሚሰማው «በጣም ያምራል» ብቻ ነው። ይሉኝታ ይዞን «ፊቷ ጨልሟል፣ ከኋላዋ ያለው ምሰሶም ከአናቷ የበቀለ ይመስላል» ብለን ፊት ለፊት አንናገርም። ጉድለቱን የሚነግረው ያጣ ሰው ባለበት ይቆማል፣ ባለበት ሲቆም ደግሞ ይሰለቻል። ዕድሜ ልክ በዚህ ፍቅር ለመቆየት ለሚፈልግ ሰው ክበብና ዳኝነት የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ሥሩት፤ አንዱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው ብትዘሉ መልሶ ያስቸግራችኋል።

1. በእጃችሁ ካለው መሣሪያ ጀምሩ

ስልክ ይበቃል። ከማንሳታችሁ በፊት ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ኪስ ውስጥ የዋለ ሌንስ ቅባት ይይዛልና ፎቶው ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። በጣት እየጎተታችሁ ከማቅረብ ይልቅ በእግራችሁ ቅረቡ። ስክሪኑ ላይ ዋናውን ነገር ንኩና ብርሃኑን በጣታችሁ ወደ ታች ቀነስ አድርጉት። ቀጥ ያለ አድማስ እንዲለመዳችሁ የመስመር ፍርግርጉን አብሩ።

ያገለገለ ካሜራ የምትገዙ ከሆነ ሦስት ነገር ሳትፈትሹ ገንዘብ አትክፈሉ። የስልክ ባትሪ መብራት በሌንሱ ውስጥ አሳልፋችሁ እዩ፤ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነውና ተዉት። አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) 16 ላይ አድርጋችሁ ጥርት ያለ ሰማይ አንሱና አጉልታችሁ ተመልከቱ፤ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ካሉ ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው የካሜራው ክፍል) ቆሽሿል፤ እሱ ይጸዳል፣ ዋጋ ግን ያስቀንሳል። በሻተሩ (ብርሃን ለማስገባት በሚከፈተውና በሚዘጋው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደተነሳበትም ጠይቁ። ለመጀመሪያ ሌንስ አፐርቸሩ እስከ 1.8 የሚከፈት 50 ሚሊ ሜትር እመክራለሁ፤ ርካሽ ነው፣ በጨለማ ቤትም ይሠራል፣ ወደ ሰው እንድትጠጉም ያስገድዳችኋል።

የካሜራውን ሰዓትና ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር አስተካክሉት። ካሜራ 13ኛ ወር አያውቅምና የእኛን ቀን ልሙላ ብትሉ በጳጉሜን ይዘበራረቅባችኋል። የእኛን ቀን መግለጫው ላይ ትጽፉታላችሁ።

2. የሰፈራችሁን ብርሃን አጥኑ

ለዚህ ደረጃ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ስጡት። ፎቶ የብርሃን ሥራ ነው ሲባል ሁሉም ይሰማል፤ የደሴ ብርሃን ግን እንዴት እንደሚሄድ ቁጭ ብሎ ያጠና ጥቂት ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ይዘዋት በመሀል የተቀመጠች ከተማ ናት። ስለዚህ ፀሐይ ወጣች ከተባለ በኋላም የከተማዋ ዝቅተኛ ሰፈሮች ጥላ ውስጥ ይቆያሉ፤ ከሰዓት በኋላም ጦሳ ፀሐይዋን ቀድሞ ይወስዳታል። መጻሕፍት «ወርቃማው ሰዓት» የሚሉትን ከመጥለቂያዋ ጥቂት ቀደም ያለ ብርሃን ጠብቃችሁ ፒያሳ ብትቆሙ የምታገኙት ጥላ ነው። ያን ብርሃን የፈለገ ከፍ ወዳለ ቦታ ይወጣል፤ ያለበለዚያ ቀደም ብሎ ተገኝቶ የጦሳ ጥላ በከተማዋ ላይ ሲሄድ ያነሳል። ግማሹ ሰፈር በብርሃን፣ ግማሹ በጥላ ያለበት ያ ሰዓት የደሴ ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በርቱና ያዙት።

የቀትር ፀሐይን ሁሉም ይረግማታል፤ ሁልጊዜ ግን አንድ አይደለችም። በእኛ ኬክሮስ፣ ማለትም ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ሰሜን ላይ፣ ፀሐይ በቀትር ልክ አናት ላይ የምትቆመው በሚያዝያ 11 እና በነሐሴ 18 አካባቢ ነው። በእነዚያ ሳምንታት በቀትር የተነሳ ሰው ዐይኑ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። በታኅሣሥ ግን በቀትርም ቢሆን ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ 55 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ አየሩም ጥርት ያለ ነው። የገብስና የጤፍ ክምር በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ቅርጹ ይወጣል።

ሐምሌና ነሐሴ የጉም ወር ነው። ካሜራ ጉምን ሲያይ ነጭነቱን ወደ ግራጫ ይጎትተዋል፤ ስለዚህ የብርሃን ማካካሻውን ወደ +1 ከፍ አድርጉት። በጉም ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር ፈልጉ፦ ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ ባሕር ዛፍ፣ ባጃጅ። እሱ ከሌለ ፎቶው ባዶ ወረቀት ይሆናል። ጉም ሲሰለቻችሁ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ውረዱ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከ600 ሜትር በላይ ስለምትወርዱ ግን ብዙ ጊዜ ጉሙን ከላይ ትታችሁ ሌላ አየር ውስጥ ትገባላችሁ። በአንድ ቀን ሁለት የአየር ጠባይ ማንሳት መቻል ለፎቶ አንሺ ትልቅ ሀብት ነው።

ነጠላና ጋቢ የበዛበት በዓል፣ ለምሳሌ ጥምቀት፣ የራሱ ችግር አለው። ፍሬሙ በነጭ ሲሞላ ካሜራው ብርሃን ይቀንስና የሰዎቹ ፊት ይጠቁራል። ከፍ ስታደርጉት ደግሞ የነጠላው ጥለትና ሽመና በነጭ ይዋጣል። መፍትሔው ከሰዓቱ ይጀምራል፦ ማለዳ ወይም ጥላ ሥር አንሱ፣ ሂስቶግራሙ (ካሜራው ላይ የብርሃኑን መጠን የሚያሳየው ግራፍ) የቀኝ ግድግዳውን እንዳይነካ ተጠንቀቁ፣ ፊቱን በኋላ በኤዲት ትንሽ አንሡት። የጠቆረ ፊት ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ የተቃጠለ ነጭ አይመለስም።

ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ለማንሳት ፍላሽ አታብሩ። በር ወይም መስኮት ከሰውየው ጎን ወይም ከበስተኋላው እንዲሆን ቁሙ። የእጣንና የከሰል ጭስ የሚታየው ብርሃን ከኋላ ወይም ከጎን ሲመታውና ከጀርባው ጨለማ ሲኖር ነው። አይ.ኤስ.ኦ (ካሜራው ብርሃን የሚያጎላበት መጠን) 1600 እስከ 3200፣ አፐርቸር 2 ወይም 2.8፣ ሻተር ከ1/80 ሰከንድ ያልዘገየ አድርጋችሁ ጀምሩ። ሻተሩን በተመለከተ ካሜራውን በእጅ ይዞ ለማንሳት የሚበጀው መነሻ የሌንሱ ርዝመት ነው፤ በ50 ሚሊ ሜትር ቢያንስ 1/50፣ በ200 ቢያንስ 1/200። የሚንቀሳቀስ ሰው ካለ ከዚያም በላይ።

3. ከካሜራው በፊት ሰላምታ

በሰኞ ገበያም ሆነ በባቲ ገበያ ካሜራ አውጥቶ መግባት ነውር ነው። መጀመሪያ ሰላም በሉ፣ ዋጋ ጠይቁ፣ ግዙ። ከዚያ «እማማ፣ እንዴት ዋሉ? ፎቶ ባነሳዎት ይፈቅዱልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። «አይ፣ ልጄ» ካሉ «እሺ እማማ፣ ገበያው ይቅናዎት» ብሎ መሄድ ነው፤ መጨቅጨቅ፣ ከሩቅ በረጅም ሌንስ መስረቅ አያስፈልግም። ሕፃን ከሆነ ወላጁን አስፈቅዱ። መስጊድ ከሆነ ኢማሙን ወይም ኮሚቴውን፣ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ አስተዳዳሪውን ቀድማችሁ አነጋግሩ። ወታደራዊ ቦታ፣ ኬላ፣ አውሮፕላን ማረፊያ አታንሱ፤ ድሮንም ያለ መንግሥት ፈቃድ አታስነሱ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ ፎቶውን አሳጥባችሁ መልሳችሁ ውሰዱላቸው። አንድ ፕሪንት ለባለቤቱ ሲደርስ በሚቀጥለው ሳምንት የገበያው ግማሽ ያውቃችኋል።

4. ለዓመታት የሚቆይ አንድ ርዕስ ያዙ

ነጠላ ነጠላ ቆንጆ ፎቶ ማንም ያነሳል። ፍቅሩን የሚያጸናው የሚመለሱበት ርዕስ ነው።

ይህን በተለይ ለወሎ ልጆች አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። የዓለም ሕዝብ ወሎን ያወቃት በድርቅ ዘመን ምስሎች ነው። ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በኮረም የቀረጸው ምስል አገር ላገር ዞሯል። ምስሉ እውነት ነበር፤ ለብዙ ሰው እርዳታ አስገኝቷል። ነገር ግን ከዚያ በፊትም በኋላም እዚህ ሰርግ ነበረ፣ መውሊድ ነበረ፣ ሽመና ነበረ፣ ትምህርት ቤት ነበረ። ያን የሚያሳየው እዚሁ የሚኖር፣ ነገም ተመልሶ የሚያነሳ ሰው ነው።

ርዕሱ ጠባብ ይሁን። «ወሎ» ሳይሆን «የሐረጎ መንገድና በመንገዱ ላይ የሚኖሩ»፤ «ታሪክ» ሳይሆን «የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ በአራቱ ወቅቶች»፤ «ኢንዱስትሪ» ሳይሆን «ከኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሰዎች እጅ»። የቦርከና ወንዝ ከበጋ እስከ ክረምት፣ የሐይቅ ጀልባዎች፣ የአንድ ቅሬ (ዕድር) አባላት በየቤታቸው፤ ማንኛቸውም የዓመታት ሥራ ይወጣቸዋል።

5. መምረጥ፣ መግለጫ መጻፍ፣ ማስቀመጥ

ያነሳችሁትን በዚያው ማታ አትምረጡ። ሳምንት ይቆይ፤ ያኔ ለማንሳት የለፋችሁት ልፋት ይረሳና ፎቶው ብቻ ይቀራል። ከ200 ፎቶ 20 አስቀሩ፣ ከ20ው 5። ሁለት ተመሳሳይ ካሉ አንዱን አውጡ። አልወስን ካላችሁ ሁለቱም ደካሞች ሊሆኑ ይችላሉ።

ለእያንዳንዱ የተመረጠ ፎቶ የሰው ስም (ከፈቀደ)፣ ቦታ፣ ቀንና በፎቶው የማይታይ አንድ ነገር ጻፉ። የፋይሉን ስም በዓመት፣ በወር፣ በቀን ቅደም ተከተል ጀምሩት፤ ራሱ ተሰልፎ ይቀመጣል። ከዚያ ሦስት ቦታ አስቀምጡ፦ ኮምፒውተር ላይ፣ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛውን ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ቤት ወይም ኢንተርኔት ላይ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ሰው ነፍሱን ይዞ ሲወጣ አልበምና ኮምፒውተር ቤት ቀርቷል። ሦስተኛው ቅጂ ከከተማ ውጭ ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

6. ክበቡን አቋቁሙ

ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። ተማሪ፣ አስተማሪ፣ ነርስ፣ ሾፌር ይቀላቀሉበት። አንድ የድሮ ፎቶ ቤት ባለሙያ ለምናችሁ አስገቡ፤ በፊልም ዘመን 36 ፍሬ ብቻ ይዞ ሰርግ ውሎ የመጣ ሰው ከመጫኑ በፊት ማሰብን ያስተምራችኋል፣ የፊት ብርሃን አጣጣልም ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቦታው ቀላል ነው፦ የወጣት ማዕከል፣ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ክፍል፣ ወይም ባለቤቱ የፈቀደ ካፌ። ቴሌቪዥን ላይ ፍላሽ ሰክቶ ማየት ይቻላል። ሰዓቱን ቀን ላይ አድርጉት፤ ምሽት ከሆነ ሴቶች አይመጡም፣ ሴቶች የሌሉበት ክበብ ደግሞ የወሎን ቤት ውስጡን አያይም። ለአስተዳደሩ አዲስ ነገር አትፍጠሩ፤ ቅሬያችን እንደሚሠራው ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጥ፣ አነስተኛ ወርኃዊ መዋጮ ይኑር፣ የቀረ ይቀጣ። መዋጮው ለፕሪንት ይዋል። ክበቡ እያደገ ሄዶ ሕጋዊ ሰውነት ካስፈለገው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ምን እንደሚጠይቅ ያኔ ታያላችሁ፤ ለመጀመር ግን ማመልከቻ ይዞ መዞር አያስፈልግም።

የስብሰባው አካሄድ የክበቡ ነፍስ ስለሆነ በዝርዝር ልናገር። በወር አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ተገናኙ። ለእያንዳንዱ ስብሰባ ርዕስ ይሰጥ፦ ጭስ፣ እጅ፣ የዝናብ ቀን፣ ደጃፍ። እያንዳንዱ አባል ሁለት ፎቶ ለጸሐፊው ይልካል። ጸሐፊው የአንሺውን ስም ደብቆ በቁጥር ብቻ ያቀርባል። ይህን ሕግ በምንም ምክንያት አትተላለፉት። ስሙ ከታወቀ ታናሽ የታላቁን፣ ተማሪ የአስተማሪውን ሥራ አይነካም፤ ሁሉም «ማሻ አላህ፣ ድንቅ ነው» ብሎ ያልፋል። ስሙ ሲደበቅ ግን የሚወራው ስለ ፎቶው ይሆናል።

አንድ ፎቶ ይታያል፤ ለግማሽ ደቂቃ ማንም አይናገርም። ከዚያ ሁለት ሰው ይናገራል፦ መጀመሪያ ዐይኑ ወዴት እንደሄደ፣ ቀጥሎ ምን እንዳገደው፣ በመጨረሻ አንሺው በሚቀጥለው ጊዜ ምን ቢያደርግ እንደሚሻል። «አልወደድኩትም» የተከለከለ ነው፤ «ወድጄዋለሁ»ም እንዲሁ፤ ምክንያት ሳይከተል አይቆጠርም። አንሺው እስከ መጨረሻው ዝም ይላል። ለመከላከል አፉን የከፈተ ሰው አይሰማም። ውይይቱ ካለቀ በኋላ ከፈለገ ራሱን ይገልጣል። ሰው እንዳይከፋ ሰብሳቢው አስቀድሞ «አብሽሩ፣ እዚህ የሚነቀፈው ፎቶው ነው» ብሎ ቢጀምር ጥሩ ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ በወረቀት አሳዩ። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ፕሪንት፣ ገመድ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ የትምህርት ቤት ግቢ፤ ይበቃል። ስልክ ላይ ያላስተዋላችሁት ብዥታና የቀለም መዛባት በወረቀት ላይ ፊት ለፊት ይመጣል። ልባችሁ ከጠነከረ በአይዳ ሙሉነህ የተመሠረተውን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረውን አዲስ ፎቶ ፌስት የመሰሉ መድረኮች፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1950 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የፎቶግራፍ ጥበብ ፌዴሬሽን፣ ፊያፕ፣ ዕውቅና የሚሰጣቸውን ውድድሮች ደንብ አንብቡ። የመስፈርታቸው አጻጻፍ ብቻ ብዙ ያስተምራል።

7. ዳኛ ስትባሉ

ጥሩ የሚያነሳ ሁሉ ጥሩ ዳኛ አይሆንም። ዳኝነት የሌላውን ሰው ሐሳብ ተከትሎ ማየት ነውና በክበቡ ውስጥ የሌላን ሥራ በትዕግሥት ሲያስረዳ የታየ ሰው ይመረጥ።

ከውድድሩ በፊት ደንቡ በጽሑፍ ይውጣ፦ የፎቶ ብዛት፣ ርዕስ፣ የፋይል መጠን፣ እስከ ምን ድረስ ኤዲት እንደሚፈቀድ። ብርሃን ማስተካከል፣ መቁረጥ፣ ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ በአብዛኛው ይፈቀዳል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠረ ምስል ግን ፎቶ ስላልሆነ አይገባም። በገበያ፣ በበዓልና በዱር እንስሳት ዘርፍ ነገር መጨመርም ማውጣትም ይከልከል። ለሽልማት የደረሱትን ዋናውን ያልተነካ ፋይል እንዲያቀርቡ ጠይቁ፤ የሌለው ይወጣል።

ዳኞች ሦስት ይሁኑ፤ አምስትም ይቻላል፣ ሁለት ግን አይሁኑ። ቢቻል አንዷ ወይም አንዱ ከሌላ ከተማ ይምጣ፤ የደሴን ውድድር ከኮምቦልቻ፣ የኮምቦልቻን ከወልዲያ የመጣ ሰው ቢዳኝ ዘመድ አዝማድ አያስጨንቀውም። የራሱ ተማሪ ወይም ቤተሰብ ሥራ መሆኑን የለየ ዳኛ ይናገርና ለዚያ ፎቶ ነጥብ አይስጥ።

በዕለቱ ሁሉም ዳኛ በአንድ ስክሪን፣ ብርሃኑ በማይለዋወጥ ክፍል ውስጥ ይይ። መጀመሪያ ሁሉም ፎቶዎች ያለ ነጥብ በፍጥነት ይለፉ፤ ደረጃው ምን ያህል እንደሆነ ሳታውቁ ለመጀመሪያው ፎቶ ነጥብ ከሰጣችሁ እሱ ይበደላል፣ አለዚያም ያለ አግባብ ይጠቀማል። ከዚያ እያንዳንዱ ዳኛ ሳይነጋገር ከ1 እስከ 9 ይጻፍ፤ የሦስቱ ድምር እስከ 27 ይደርሳል። ሁሉንም 6 እና 7 የሚሰጥ ዳኛ አልዳኘም። 2 የሚገባው ካለ 2፣ 9 የሚገባው ካለ 9 ይስጥ። የሁለት ዳኞች ነጥብ ከሦስት በላይ ሲራራቅ ምክንያታቸውን ይናገሩ፤ መለወጥ ግን ግዴታ የለባቸውም። በየ45 ደቂቃው ዕረፍት ይኑር፤ የደከመ ዐይን ደማቅ ቀለም ብቻ ይመርጣል።

ዳኛን የሚያስቱ ነገሮች አሉ። አንዱ ርዕሱን ከፎቶው ጋር ማምታታት ነው፦ ታቦት ሲወጣ ወይም ሰላት ሲሰገድ ያየ ዳኛ በእምነቱ ይነካና ለደካማ ፎቶ ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጣል። ሌላው የችግር ምስል ነው። የሚያለቅስ ሕፃን፣ እጁን የዘረጋ ሽማግሌ ስሜት ያነሳሳል፤ እኔ በእንዲህ ዓይነቱ ፊት ሁልጊዜ «ይህ ሰው ፎቶውን ቢያይ ራሱን ያገኝበታል ወይስ ያፍርበታል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሦስተኛው የራስ አሠራር ነው፤ ጥቁርና ነጭ የሚወድ ዳኛ ጥቁርና ነጩን ያነግሣል። ይህን ለመከላከል ከነጥቡ አጠገብ አንድ አጭር ምክንያት መጻፍ ይረዳል፤ ምክንያት ያልተገኘለት 8 ብዙውን ጊዜ 6 ሆኖ ይገኛል።

አስተያየት ስትሰጡ ከሚታየው ጀምሩ። «ጥሩ ሙከራ ነው፣ በርታ» ማንንም አይጠቅምም። እንዲህ ቢባል ግን ይጠቅማል፦ «ብርሃኑ ከበሩ ገብቶ የሴትዮዋን እጅና ጀበናውን ለይቶ አውጥቷል። በቀኝ በኩል ያለው ቢጫ ጀሪካን ግን ዐይንን ይወስዳል። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብትሄድ በጀበናው ይሸፈን ነበር።» የተናገራችሁት ነገር አንሺው ነገ ጠዋት ሊሞክረው የሚችለው መሆን አለበት።

ውጤቱ በተነገረ በሳምንቱ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የነጥብ ወረቀቱን ከነምክንያቱ ስጡ፤ ላልተሸለመው በተለይ። ቅጂውን ጸሐፊው በፋይል ያስቀምጥ፤ የሚቀጥለው ዓመት ዳኛ ከመቀመጡ በፊት ያንብበው። ከሁለት ዓመት በላይ በተከታታይ አትዳኙ። ቦታውን ለሌላ ልቀቁና እናንተም እንደማንኛውም አባል ስማችሁ ተደብቆ የሚታይ ሁለት ፎቶ ላኩ።